የቤታችን በር መድረክ ላይ

የቤታችን በር ዝም ብሎ አይከፈትም ነበር። መጀመሪያ እጀታውን ይዞ ወደ ላይ ብድግ ማድረግ፣ ቀጥሎ የታችኛውን ጣውላ በጉልበት መግፋት፣ ከዚያ ሳይቸኩሉ ሰውነትን ማስከተል ያስፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ንቅንቅ አይልም። በበጋ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ሰኔ ሲገባ ግን እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና እንግዳ ሁሉ ደጅ ቆሞ ይጠራናል። በሩን የሠራው አባቴ ነው። አባቴ ደግሞ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በነበረ አንድ የእንጨት ሥራ ማኅበር ውስጥ እጁ የተመሰከረለት አናጢ ነበር። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚባለው ለእኛ ቤት የተተረተ ይመስለኝ ነበር። እናቴ «የሰው በር ስታቃና የራስህ ጎበጠ» ባለችው ቁጥር «እሑድ» ይላታል። እሑድ ሲመጣ ቅዳሴ አለ፣ እድር አለ፣ የቀበሌ ስብሰባ አለ። በዚህ ዓይነት እኔ አድጌ ዩኒቨርሲቲ ስገባ በሩ እንደጎበጠ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ቲያትር ልማር ነው። ማትሪክ ሳልፍ ልደታ ያለው ዘመድ ጎረቤት ሁሉ እልል ብሎልኝ ነበር። ምን እንደምማር ሲሰማ ግን እልልታው ቀዘቀዘ። አባቴ ዘንድ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚያለቅስና የሚስቅ ሰው ያው አዝማሪ ነው፤ አዝማሪ ደግሞ ለሠርግ ይጠራል እንጂ ከራስ ቤት አይወጣም። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ዝም ብሎ ደበቀኝ። አንድ ቀን አብረን ስንሄድ የእድራችን ዳኛ አግኝተውን፣ «ልጅህ ምን እየተማረች ነው?» ብለው ጠየቁት።

«ቋንቋ» አለ።

«የምን ቋንቋ?»

«ገና አልተለየላትም።»

እኔ አጠገቡ ጃንጥላውን ይዤ ቆሜያለሁ። አሁን ሳስታውሰው ያስቀኛል፤ ያን ቀን ግን ከፍቶኝ ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል አባቴ አንድ ቅጽ ይዞ መጣ። ትምህርት ክፍል መቀየር የሚፈልግ ተማሪ የሚሞላው ቅጽ ነው። በራሱ እጅ፣ ለደንበኛ ልኬት በሚጽፍበት ወፍራም ፊደል «ጂኦግራፊ» ብሎ ሞልቶታል። የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። ለምን ጂኦግራፊ እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ለጂኦግራፊ አስተማሪ ማንም አያጨበጭብለትም፤ ማንም ግን አይስቅበትም» አለኝ። አለቀስኩ፣ ተከራከርኩ፣ እራት አልበላም አልኩ። በመጨረሻ እናቴ መሀል ገብታ አስታረቀችን፤ አባቴ አንድ ቲያትራችንን መጥቶ ያያል፣ ካልጣመው በማግሥቱ ሰኞ ፈርሜ ቅጹን አስገባለሁ። ቃሌን ሰጠሁ። ቃል የሰጠሁት ግን እሱ ሲመጣ መድረክ ላይ የሚያየኝ መስሎኝ ነው።

ትምህርቱን እንዴት እንደወደድኩት ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ መተንፈስንና መራመድን እንደ አዲስ ተማርን። ወለል ላይ በጀርባ ተንጋሎ፣ ሆድ ላይ መጽሐፍ አስቀምጦ መተንፈስ፤ መጽሐፉ ከፍና ዝቅ ካላለ ትንፋሹ ከደረት እንጂ ከሆድ አልመጣም ማለት ነው። ቤት ስለማመድ እናቴ ገብታ አየችኝና፣ «እኔ እስከማውቀው መጽሐፍ በዓይን ነው የሚነበበው» ብላኝ ወጣች። ድምፄን የማሠለጥነው የግቢያችን ጥግ ካለው ሽንት ቤት ውስጥ ነበር፤ ጎረቤቶች የማቃስት መስሏቸው ፌጦ በጥብጠው አመጡልኝ። ላለማሳፈር ጠጣሁት።

መምህራችን አንድ ቀን «የአንድ ሰው አካሄድ ይዛችሁ ኑ» ብለው ወደ ከተማ በተኑን። እኔ ተክለ ሃይማኖት ሄጄ ቅርጫት አዝለው ትንሽ የሚያነክሱ አንዲት ሴት መረጥኩና ከኋላቸው ተከተልኩ። ሲያነክሱ አነክሳለሁ፣ ሲቆሙ እቆማለሁ። ድንገት ዞር ብለው፣ «አንቺንም ጉልበትሽን ያምሻል፣ ልጄ?» አሉኝ። ምን ልበል? «አዎ» አልኳቸው። ቅርጫታቸውን አውርደው በምን እንደማሸው፣ ብርድ እንዳላስመታው ሲመክሩኝ ቆዩ። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ አካሄዳቸውን ሳሳይ ሁሉም አጨበጨበ። እኚያን ሴት ሰረቅኳቸው የሚል ሐፍረት ነበረብኝ፤ ደስታዬ ግን ከሐፍረቱ ይበልጥ ነበር። ተዋናይ ካልሆንኩ ሌላ ምንም መሆን አልፈልግም ያልኩት ያን ቀን ነው።

እናም የዓመቱ ማብቂያ ሥራ መጣ። በቡድን በቡድን ተከፍለን አንዳንድ ቲያትር አዘጋጅተን፣ በየቀበሌው አዳራሽ ሁለት ሁለት እሑድ እንድናሳይ ተባለ። የእኛ ቡድን ዕጣ ልደታ፣ የራሴው ሰፈር ሆነ። ፈነደቅሁ። መምህራችን ወረቀታቸውን ገልጠው ድርሻ ድርሻችንን ሲያነቡ እኔ ጋ ደረሱና፣ «አንቺ መብራትና የመድረክ ግንባታ» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ መተወን ነው የምፈልገው።»

«መብራት ያልገባት ተዋናይ ጨለማ ውስጥ ቆማ ታለቅሳለች» አሉና ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።

አባቴ ሊያየኝ ይመጣል፤ እኔ ግን አልታይም። ጂኦግራፊ ከአሁኑ ተራራና ወንዙን ይዞ የመጣብኝ መሰለኝ።

«መብራት» ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ታቹን በስተን አምፖል አስገባንበት። ቀይ ብርሃን ስንፈልግ ቀይ፣ ቢጫ ስንፈልግ ቢጫ የከረሜላ መጠቅለያ እንለጥፍበታለን፤ ሲሞቅ አዳራሹ ከረሜላ ከረሜላ ይሸታል። ብርሃኑን ቀስ አድርጎ የሚያደበዝዝ መሣሪያ ስላልነበረን መምህራችን ውጭ አገር ሲማሩ ያዩትን ዘዴ አመጡልን። አንድ የፕላስቲክ ባልዲ በጨው ውሃ ይሞላል። የመብራቱ ሽቦ ተቆርጦ ሁለት ብረቶች ላይ ይታሰራል፤ አንዱ ብረት ባልዲው ታች ይቀመጣል፣ ሌላው በገመድ ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለውን ወደ ውሃው ዝቅ ሲያደርጉት መድረኩ ይነጋል፤ ሳብ ሲያደርጉት ይመሻል። ጨው በቀበሌ ሱቅ በወረፋ የሚገኝበት ጊዜ ስለነበር እያንዳንዳችን ከቤት እፍኝ እፍኝ አመጣን፤ የየቤታችን ወጥ አንድ ሰሞን ጨው አነሰው። ገመዱን መጀመሪያ የሳብኩ ዕለት ጀንበር በእጄ ቀስ ብላ ስትጠልቅ አየሁና ክው ብዬ ቀረሁ። ያኩረፍኩትን ረስቼ ደጋግሜ አነጋሁ፣ ደጋግሜ አስመሸሁ።

አደገኛም ነበር። የጎማ ቦት ጫማ ሳላደርግና ደረቅ ሳንቃ ላይ ሳልቆም ባልዲው አጠገብ እንዳልደርስ መምህራችን አስጠነቀቁኝ። ቤታችን የነበረው ቦት የአባቴ ነው፤ ሁለቱም እግሮቼ በአንዱ ይገቡ ነበር። «ደግሞ ከባልዲው ፈቀቅ እንዳትዪ» አሉኝ፤ «ድስት ጥዶ ገበያ እንደ መሄድ ነው።»

ቲያትሩ ጨው ደብቆ ስለተያዘ ነጋዴ ነው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዘመን ስግብግብ ነጋዴ የሌለበት ቲያትር ማግኘት ከባድ ነበር። መጨረሻው ላይ የአብዮት ጠባቂው በሩን ያንኳኳል፣ በርግዶ ይገባል፣ ነጋዴውን ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጦ እጅ ከፍንጅ ይይዘዋል። መጀመሪያ በሩን ከስስ ኮምፔርሳቶ ጣውላ ሠራሁት። ጠባቂው ሲገፋው የመድረኩ ግድግዳ አብሮት መጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር ልምምዱን ሊያዩ መጥተው ስለነበር ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ጓዶች፣ ይህ ግድግዳ አብዮቱን አይመጥንም» አሉ። ከባድ፣ ሲዘጋ ድምፁ የሚሰማ፣ እውነተኛ በር ያስፈልገኝ ነበር። የአባቴ ማኅበር ጣውላ እየተቆጠረ የሚወጣ ነው፤ አባቴን ደግሞ ለቲያትር ምንም መጠየቅ አልችልም።

እናቴ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። «እማዬ፣ በራችንን አውሺኝ።»

«በር ይዋሳል እንዴ?»

«ለእሑድ ከሰዓት ብቻ። አባዬ ሳያውቅ።»

ምስሩን ስትለቅም ቆየች። «እኔ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ» አለች በመጨረሻ። «እኔ እያለሁ በር ምን ያደርጋል።»

«ቲያትሩንስ?»

«አንቺን ነጋ ጠባ አይሽ የለ።»

ለዚያ እሑድ ብላ ያጠበችው ቀሚስ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። አይቼው ዓይኔን መለስኩ። ስስታም ነበርኩ፤ በሩን ተቀበልኩ።

እሑድ አባቴ ቅዳሴ ሄደ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ እድር። ጠባቂውን የሚጫወተው የሜክሲኮ ሰፈር ልጅና ነጋዴውን የሚጫወተው ጓደኛው መጥተው በሩን ከማጠፊያው ነቀሉልኝ፤ ከፊትና ከኋላ ትከሻቸው ላይ አድርገው ጉዞ ጀመርን። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ያየናል። ሁለት ወጣት ጣውላ ተሸክመው፣ ከኋላ አንዲት ልጅ ፊቷን አጨፍግጋ። አንዲት እናት ቃሬዛ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «የማን ቤት ነው?» እያሉ ተከተሉን። በር ነው ስንላቸው፣ «ታዲያ ለምን ታለቃቅሱታላችሁ?» ብለው ተቆጥተው ተመለሱ። አዳራሹ ሳንደርስ የሰኔ ዝናብ ወረደ። እኛም በሩም በሰበስን።

ከመድረኩ በስተቀኝ አቁሜ ሞከርኩት። ተከፈተ። ዘጋሁት፣ እንደገና ከፈትኩት። ከአሥር ጊዜ በላይ ሞክሬዋለሁ፤ አንዴም አላሳፈረኝም። የሜክሲኮው ልጅ ልሞክረው ወይ ሲለኝ አያስፈልግም አልኩት። «በር በር ነው፣ ጀለሴ» ብሎ ፂሙን ሊለጥፍ ሄደ። እጄ እጀታውን ብድግ ማድረጉን፣ ጉልበቴ ታቹን መግፋቱን እኔ ራሴ አላየሁትም። በዚያ በር ዕድሜዬን ሙሉ ወጥቼ ገብቼበታለሁ፤ ሰው ሲተነፍስ መቼ ያስተውላል?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም አለ። መስኮቶቹን በብርድ ልብስ ሸፍነን አጨልመነዋል፤ ቆርቆሮው ምስማር በበሳው ቦታ ሁሉ ነጠብጣብ ብርሃን ይገባል። ሊቀመንበሩ ፊት ወንበር ላይ ናቸው። አባቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጃንጥላውን ጉልበቱ መሀል አቁሞ ተቀምጧል፤ የቅጹ ጫፍ ከኮቱ የደረት ኪስ ብቅ ብሎ በመጋረጃው ቀዳዳ ይታየኛል። እኔ በስተግራ፣ በአባቴ ቦት፣ ባልዲዬ ጋ ቆሜያለሁ።

ገመዱን ለቀቅ አደረግሁ፤ ነጋ። «ውይ!» የሚል ድምፅ ከሕዝቡ ሲወጣ ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ ጉርምርምታ መጣ። «ያ የእነሱ በር አይደለም እንዴ?» «ነው እንጂ! ያውና የድመቷ ጭረት!» አባቴ ወደፊት አጎንብሶ መነጽሩን አደረገ። ከዚያ በኋላ እሱን ለማየት አልደፈርኩም።

ቲያትሩ ሰመረ። ሰዉ ነጋዴውን ረገመው፣ ሳቀበት፣ አንዱማ ጨዉ የት እንደተደበቀ ጮሆ ለተዋናዮቹ ነገራቸው። ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። በሩ ተንኳኳ። «በሕዝብ ስም ክፈት!» ነጋዴው ጆንያው ላይ ቁጭ ብሎ ተንቀጠቀጠ። ጠባቂው ገፋ። በሩ ዝም። እንደገና ገፋ፤ ግድግዳዬ ተርገፈገፈና የቀለም ብናኝ ወረደ። ሦስተኛ። ሊቀመንበሩ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። አብዮቱ ደጅ ቀረ።

ያኔ ነው የገባኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

ከሦስተኛው ረድፍ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። አልጮኸም፤ ሥራ ቦታ ለረዳቱ እንደሚናገረው ዝግ ብሎ፣ «ብድግ አድርገው» አለ። ጎረቤቶቻችን ተቀበሉት። «ብድግ አድርገው! በጉልበትህ! ታቹን!» የግቢያችን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን በር ያስተምር ጀመር። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ግን ድምፁን ስለዋጠው በሩ ጀርባ ያለው የሜክሲኮው ልጅ ምንም አልሰማም፤ መግፋቱን ብቻ ቀጠለ። ከጀርባ ዞሬ እንዳልደርስለት ግድግዳችን ከአዳራሹ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በመድረኩ መሀል።

ገመዱን ሚስማሩ ላይ አሰርኩና ወጣሁ። ቦቱ ሰፊ ስለሆነ አስነከሰኝ፤ ሦስት እርምጃ ሳልሄድ የተክለ ሃይማኖቷ ሴት አካሄድ ራሱ መጣ። ነጋዴው አፉን ከፍቶ አየኝ።

«ማነሽ አንቺ?»

«ጎረቤት ነኝ፣ ጋሼ» አልኩት፤ ድምፄ ከሆዴ፣ ያ መጽሐፍ ከፍና ዝቅ ከሚልበት ቦታ ወጣ። «ጨው ልበደር መጥቼ ነው።»

«ጨው የለም» አለ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠ።

አዳራሹ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ ሳይቀሩ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ጋብ ሲል፣ «እሱስ ይቅር፤ እንግዳ ግን ደጅ አይቆምም» ብዬ እጀታውን ብድግ፣ ታቹን በእግሬ መታ፣ ሳብ አደረግሁት። ጠባቂው በሙሉ ኃይሉ እየተንደረደረ ስለነበር በደረቱ ጨው ጆንያው ላይ ወደቀና ነጋዴውን አቅፎ ያዘው። እንደዚያ ያለ እልልታ ለማትሪኬም አልተሰማም።

መጋረጃው ሲዘጋ መምህራችን መጡ። «መብራቱን ጥለሽ ስለሄድሽ ነጥብ እቀንሳለሁ» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና፣ «በሩን ስለከፈትሽ እመልሰዋለሁ» ብለው ሄዱ። ከኋላቸው አባቴ ቆሟል። እኔን አላየኝም፤ በሩን ነው ያየው። ዳሰሰው፣ አንዴ ከፍቶ ዘጋው፣ ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ማጠፊያ መረመረ።

«ካቻቢቴ አለ?»

አቀበልኩት። የማጠፊያውን ብሎኖች አላላ። ኪሱን ዳበሰና ቅጹን አወጣ፤ አራት ቦታ አጠፈው፣ በጥፍሩ ተጫነው፣ ከማጠፊያው ሥር ሸጎጠው።

«አባዬ፣ ቅጹ እኮ ነው።»

«ወፍራም ወረቀት ነው፤ ይሆናል» አለና ብሎኖቹን አጠበቀ። በሩን በአንድ ጣቱ ነካ አደረገው፤ ያለ ምንም ድምፅ ተከፈተ። ልጅነቴን ሙሉ የጠበቅነው እሑድ መጣ። ማልቀስ ጀመርኩ፤ እሱ ዕቃ እንደሚሰበስብ ሰው ወለሉን ያያል። ቀና ብሎ፣ «እናትሽ የት ናት?» አለኝ።

«ደጃፉ ላይ።»

ካቻቢቴዬን መለሰልኝ። «ለሳምንት እኔ እቀመጣለሁ።»

በሳምንቱ እናቴ ያን ቀሚሷን ለብሳ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠች። በሩ አሁን እንደ ቅቤ ስለሚከፈት እኔ የምገባበት ምክንያት አልነበረም። ያለፈው ሳምንት የመጡት ሰዎች ግን አገር ምድሩን ይዘው ስለመጡ «ጎረቤቷስ?» ብለው ገና ከመጀመሪያው ያጉረመርሙ ጀመር። መምህራችን ገመዱን ራሳቸው ያዙና፣ «ግቢ፤ ጨውሽን ተበደሪ» አሉኝ። ስወጣ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ በደብዛዛው ብርሃን አየኋት። የሳቋን መጨረሻ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗ ላይ ጠረገችው።

ሲያልቅ በሩን ተሸክመን ወደ ቤት ተመለስን፤ እናቴ አንዱን ጫፍ ካልያዝኩ ብላ ያዘች። ካፊያ ነበር። ወደ ግቢያችን መታጠፊያ ስንደርስ የሰው ድምፅ ሰማን። አባቴ ባዶው ደጃፍ ላይ በርጩማ አስቀምጦ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ ተቀምጧል። የእድሩ ዳኛ ከፊቱ ቆመዋል።

«በርህ የት ሄደ?» አሉት።

«መድረክ ላይ ነው።»

«የምን መድረክ?»

«ልጄ ቲያትር ትማራለች» አለ አባቴ።

«ቋንቋ አይደል ያልከኝ?»

«አሁን ተለየላት» አለና ድምፁን ከፍ አደረገ፤ «ቁጭ ይበሉ እስቲ፣ ላጫውትዎት። መብራቱን ከጨው ውሃ ነው የምታወጣው።»

ልንገባ ስንል እናቴ በነጻ እጇ አስቆመችን። እስኪጨርስ ድረስ በሩን ተሸክመን ዝናቡ ላይ ቆምን።